ይህ ወታደር ማን ነው?

በብዙ የደጋ ቤት ቢያንስ አንድ ፎቶግራፍ አይታጣም። አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጭስ ጠግቧል። አንዳንዱ ከግብር ደረሰኝ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ፎቶው ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ወታደር ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኮፍያውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጓል። አይሥቅም። ያን ጊዜ ፎቶ ሲነሡ መሣቅ ብዙም አልተለመደም ነበር።

ይህ ወታደር ማን ነው?

አያቲቱን ጠይቋቸው። «ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ኤርትራ ዘምቶ የቀረው» ይላሉ። ልጃቸውን ጠይቁት። «የእናቴ ዘመድ መሰለኝ» ይላል። የልጅ ልጃቸውን ጠይቁት። «እንጃ፣ አንድ ወታደር ነው» ይላችኋል። አያቲቱ ያረፉ ዕለት የወታደሩ ስም አብሮ ይቀበራል። ፊቱ ይቀራል፤ ስሙ ግን የለም።

ፎቶው እንዴት እዚያ ሣጥን ውስጥ እንደገባ እንመልከት። ድሮ ፎቶ አንሺ በየመንደሩ አልነበረም። የደጋው ሰው ፎቶ መነሣት ሲያምረው ወደ ከተማ ይወርዳል። ጎንደር አራዳ ገበያ ወጥቶ እህሉን ሸጦ፣ ጨዉን ገዝቶ፣ ከተረፈው ሳንቲም ከፍሎ ፎቶ ቤት ይገባል። ከጀርባው መጋረጃ አለ። መጋረጃው ላይ አበባ ወይም ሐይቅ ተሥሏል። ኮት ለሌለው ሰው ኮት የሚያውስ ፎቶ ቤትም ነበር። ስለዚህ አያታችሁን ኮት ለብሰው ብታዩአቸው «ለካ ሀብታም ነበሩ!» ብላችሁ አትፍረዱ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ሊሆን ይችላል።

ወታደር የሆነው ልጅ ደግሞ ከሰፈረበት ከተማ ይነሣና ከደብዳቤው ጋር አሽጎ ይልካል። ለእናት ከደብዳቤው ይልቅ ፎቶው ይበልጥባታል። ደብዳቤውን የሚያነብላት ሰው መፈለግ አለባት። ፎቶውን ግን ማንም ሳያግዛት ታየዋለች። ከጀርባው የተጻፈውን አታየውም። ብታየውም አታነበውም ነበር።

የወታደር ፎቶ ሁሉ የአንድ ዘመን አይደለም። የለበሰውን ልብስና የያዘውን መሣሪያ ስታዩ የዘመቻውን ዘመን ለመገመት ይረዳችኋል።

ጎፈሬው የተንጨፈረረ፣ ዝናር የታጠቀ፣ የሸማ ልብስ የለበሰ ከሆነ የአርበኝነት ዘመን ሰው ሊሆን ይችላል። የጣልያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። እዚህ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በአገራችን ከነበረው የጣልያን ጦር የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ የጎንደሩ ነበር።

የፈረንጅ ካፖርትና የብረት ቆብ ለብሶ፣ ከኋላው በረዶ ወይም የማታውቁት አገር ተራራ ከታየ ደግሞ ኮርያ ዘምቶ ይሆናል። ኮርያ ከእኛ በስተምሥራቅ በጣም ሩቅ አገር ናት። በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ እዚያ ጦርነት ተነሣ። ኢትዮጵያም «ቃኘው» የሚባል ሻለቃ ላከች። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስማቸው ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባቡር ጅቡቲ ወረደ። ከዚያ በመርከብ ሄደ። የዘማቾቹ ቁጥር ተራ በተራ ከ6 ሺህ በላይ ደርሷል። ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ሞቱ። ከእነርሱ መካከል ግን አንድም ሰው አልተማረከም ይባላል። ዛሬ በኮርያ፣ ቹንቾን በሚባል ከተማ፣ ለእነርሱ መታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቷል። ጣሪያው እንደኛ ጎጆ ሾጣጣ ነው። ውስጡ የዘማቾቹ ፎቶግራፎች አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙዎቻችሁ ከኔ የበለጠ ታውቋቸዋላችሁ። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠኑት ሚሊሻዎች አሉ። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ታወጀና በየዓመቱ ወጣቶች ተመለመሉ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሆነ። ከየመንደሩ የሄደ አለ። የተመለሰም፣ የቀረም አለ።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው ከዘመተ ስለ ፎቶዎቹ ለምን ብዙ አይወራም? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ሰሜን ኮርያ ማለት ቃኘው የተዋጋት ናት። ስለዚህ የኮርያ ዘማች ሜዳሊያውን አውጥቶ የሚኮራበት ጊዜ አልነበረም። በቀይ ሽብር ዘመን መጽሐፍና ፎቶ እሳት ውስጥ የከተተ ቤተሰብም አለ። ልጃቸው ከማን ጋር ቆሞ እንደተነሣ ቢታወቅ ጣጣ ያመጣ ነበርና። በ1983 ዓ.ም. ያ ጦር ሲበተን ደግሞ የወታደር ልብስ ያለበትን ፎቶ ከግድግዳ ያወረደ አለ። የወረደው ፎቶ ሣጥን ገባ። ሣጥኑም ተዘጋ። ወሬው አብሮ ተዘጋ።

ውጭ አገርም የኛ ፎቶ አለ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ድረስ ሲመጡ ፎቶ አንሺዎች ይዘው ነበር። የቋራው ሰው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እዚያም ፎቶ ተነሣ። በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ ሞተ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። ያን ፎቶ የሚያይ ሁሉ ይህ ዓለማየሁ ነው ይላል። ስሙ ተጽፏልና። የአባቱ መልክ ግን የሚታወቀው በሥዕል ብቻ ነው።

የጣልያን ወታደሮችም ትንንሽ ካሜራ በኪሳቸው ይዘው ያገኙትን ሁሉ ያነሡ ነበር። የፋሲል ግንብን፣ ገበያውን፣ የሚሠራውን መንገድ፣ ሴቶቹን፣ ልጆቹን። እነርሱ ሲሞቱ ልጆቻቸው ፎቶዎቹን ከሣጥን ያወጣሉ። ዛሬ በስልክ ሳይቀር ይታያሉ። ይህ መልካም ነው፤ የዚያን ዘመን ጎንደርን ያሳየናል። እኔን የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። የግንቡ ስም ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ግንቡ ሥር የቆመችው ሴት ግን ስም የላትም። የማን ልጅ፣ የማን እናት እንደነበረች የጠየቃት የለም። የሷን ስም ከእንግዲህ ማን ያገኘዋል?

የራሳችንን ሣጥን የምንከፍተው ግን ራሳችን ነን። በአዲስ አበባ በ2010ዎቹ መጀመሪያ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የድሮ ፎቶ የሚሰበስቡ ሰዎች ተነሡ። ቪንቴጅ የፈረንጅ ቃል ነው፤ የድሮ ዕቃ እንደማለት ነው። በየቤቱ እየሄዱ «እስቲ ሣጥንዎን ይክፈቱ» አሉ። ሰርግ፣ ትምህርት ቤት፣ ወታደር፣ ሁሉም ወጣ። ቀጥሎ መጽሐፍ ሆነ። ቤተሰቦቹ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ሰጡ። በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምም ቤተሰቦች የሰጧቸው የልጆቻቸው ፎቶዎች በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል።

በኛ ክፍል የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ማታ ተማሪዎቼን «በቤታችሁ ያለ ማናቸውንም የተጻፈ ነገር ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። አንዱ የማዳበሪያ ከረጢት አመጣ። አንዱ የክትባት ካርድ አመጣ። አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ፎቶ አወጡ። ሁለት ወታደሮች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። «በግራ ያለው ወንድሜ ነው። ያኛውን አላውቀውም፤ ባልንጀራው ነው» አሉ። እኔ ፎቶውን ገለበጥኩና መልሼ ሰጠኋቸው። ማንበብ የሳቸው ፋንታ ነው። በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ ጀመሩ። «አ-ስ-መ-ራ። አስመራ! ጥር 1972።» ከዚያ የወንድማቸው ስም ነበር። ከሥሩ የሌላው ልጅ ስም፣ የአባቱ ስም፣ «ጃናሞራ» የሚል። ከአርባ ዓመት በላይ ሣጥናቸው ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ስም ነው።

እኒያ እናት እዚያ ላይ አላቆሙም። ወደ ጃናሞራ በሚሄድ ነጋዴ ስሙን ላኩ። ነጋዴው ለሌላ ነገረ፤ ሌላው ለቄሱ ነገረ። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ አንዲት ሴትዮ ከነልጃቸው መጡ። የዚያ ልጅ እኅት ናቸው። ወንድማቸው ሲሄድ ገና ለጋ ነበር። አንድም ፎቶ የላቸውም። ፎቶውን ተቀብለው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ጢም አውጥቶ ነበር እንዴ?»

ፎቶው አንድ፣ የሚፈልጉት ሁለት። መቅደድ አይሆን! አራዳ ወሰድነውና ፎቶ ቤቱ ከላዩ አንሥቶ ሁለት ተጨማሪ አሳጠብን። የጀርባውንም ጽሑፍ አስነሣነው። አንዱን ጃናሞራ ወሰዱት።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ ልታደርጉት የምትችሉትን ልንገራችሁ። ፎቶውን ስትይዙ እጃችሁ ከቅባትና ከርጥበት ንጹሕ ይሁን፤ ዳር ዳሩን ያዙት። ከጀርባው በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ዳር ላይ ጻፉ። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ብትጫኑም ፊቱ ላይ ጠባሳ ያወጣል። አንዳንዱ ፎቶ ጀርባው እንደ ላስቲክ ያንሸራትታል፤ እርሳስ አይዘውም። ለሱ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። የቆሸሸ ፎቶ በውሃ አታጥቡ። ግድግዳ ላይ በሙጫ አትለጥፉ። ከምድጃው አጠገብ ከሰቀላችሁት አውርዱት፤ ጭስና ጸሐይ ይበሉታል። ቀለም ያለው ፎቶ ከጥቁርና ነጩ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ለሱ ቅድሚያ ስጡ። ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ ልጅ ካለ፣ ጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን ፊቱንም ጀርባውንም ያንሣላችሁ።

ዓመተ ምሕረት ስታነቡ ተጠንቀቁ። ከኮርያ የመጣ ፎቶ ላይ 1952 ቢል በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። በኛ 1944 ወይም 1945 ነው።

ስሙን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ፎቶውን ወደ ሰንበቴ፣ ወደ ዕድር፣ ወደ ገበያ ይዛችሁ ውጡ። ለሽማግሌዎች አሳዩ። መጀመሪያ ለዓይናቸው ደካሞች አሳዩ፤ የነሱ ጊዜ አጭር ነው። አንዱ ፊቱን ባያውቀው ልብሱን ያውቃል፤ ሌላው የቆሙበትን ቦታ ያውቃል። የሰማችሁትን ጻፉ። ማን እንደነገራችሁም ጻፉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ይመስላል» በሉ።

በኛ ክፍል አንድ አባት አሉ፤ በብሔራዊ ውትድርና ዘምተው የተመለሱ። ባለፈው ሳምንት የራሳቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። ሲጽፉ ቆይተው እርሳሱን ሁለቴ አስቀረጹኝ። ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ካስቀደሙ በኋላ የጻፉት ይህ ነው፦

«ይህ እኔ ነኝ። ምጽዋ፣ 1977 ዓ.ም.። በቀኜ የቆመው ልጅ የጎጃም ሰው ነው። ስሙ ጠፍቶኛል። ማታ ማታ ሲያንጎራጉር ሁላችንም ዝም እንል ነበር።»