ዲስክ ከተለወጠለት በኋላ አልነሣ ስላለ ላፕቶፕ

በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የምትገኘው ወርቃ በቡናዋ ምክንያት ስሟ ባሕር ተሻግሮ የሚጠራ ምድር ናት፤ በሩቅ አገር ያሉ ቡና ቆዪዎች በከረጢታቸው ላይ ወርቃ ሳካሮ ወይም ወርቃ ጨልበሳ ብለው ሲያትሙ የሚያነሡት ይህንኑ ደጋ ነው። ገበሬው በመኸር ወራት ቀዩን እሸት ቡና ለቅሞ ወደ መረከቢያው ሲያመጣ የተመዘነው ኪሎ በስሙ ይጻፍለታል፤ ይህም ጽሕፈት ቀድሞ በደብተር ብቻ ይቀመጥ የነበረ ሲሆን፥ ዛሬ በብዙ የቡና መረከቢያ ከደብተሩ ሌላ በላፕቶፕ በኤክሴል ሰንጠረዥ ይሠፍራል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ላፕቶፕ አንድ ማለዳ አልነሣም ያለ እንደ ሆነ፥ የሚያሠጋው የዕቃው መበላሸት ሳይሆን የብዙ ቤተ ሰብ የዓመት ድካም ምስክር መጥፋቱ ስለሆነ፥ ነገሩን በእርጋታ መመርመር ይገባል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመልካም አሳብ ከተደረገ ለውጥ በኋላ ነው። በአገራችን ከሚሠራባቸው አሮጌ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ ይህም አይቢኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. 50 ሳሕኖችን በአንድ ዘንግ ላይ ደርድሮ ለዓለም ካቀረበው መሣሪያ የወረደ ትውልድ በመሆኑ፥ ሳሕኑ እየዞረ ማንበቢያው እየተመላለሰ ስለሚሠራ ዕድሜው ሲገፋ ይዘገያል፥ ሲወድቅም ይጎዳል። በእርሱ ፈንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ጽሕፈቱ የሚያድርበት ማኅደር ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ የፈለሰፈው ፍላሽ ነው። ለመነሣት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረ አሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ገብቶለት በሴኮንዶች ሲነሣ ያየ ሰው የራሱንም ለማስቀየር ቢቸኩል አያስደንቅም።

ዳሩ ግን አዲሱ ዲስክ ገብቶ፥ ክዳኑ ተገጥሞ፥ ማብሪያው ሲጫን ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል፤ ወይም በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚነሣበት ዲስክ አለመገኘቱን የሚናገር የእንግሊዝኛ መስመር ይወጣል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ሊያስተውለው የሚገባው፥ ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ የሚነሣ ሳይሆን በማዕርግ የሚነሣ መሆኑን ነው። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይገባል፤ ቀጥሎ ባዮስ የሚባለው፥ ማደሪያው ከዲስኩ ላይ ሳይሆን ከዋናው ቦርድ ላይ የሆነው ሥርዓት፥ ራሙንና ሌሎቹን ክፍሎች ይፈትሻል፤ ከዚያ ዲስክ ይፈልጋል፤ ዲስኩን ሲያገኝ ሥልጣኑን ለዊንዶውስ ያስረክባል። መሣሪያው ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንደ ቆመ ሳያውቁ መድኀኒት መፈለግ በሽታውን ሳይጠይቁ ማከም ይሆናል።

መብራትም ድምፅም ከሌለ ነገሩ የዲስክ ጽሕፈት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የተነቀለው የባትሪ ገመድ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። ቻርጀሩን ነቅሎ፥ ባትሪውንም ለይቶ፥ ማብሪያውን ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝ በውስጡ የቀረውን ኀይል ያፈስሰዋልና ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ በሥራው መካከል የተነካ ራም ከቦታው ለቆ እንደ ሆነ አውጥቶ መልሶ ማስገባት ነው። የኩባንያው አርማ ከታየ ግን ቦርዱም ራሙም ደኅና ናቸው፤ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ ዲስኩ ይዞራል።

ያን ጊዜ ወደ ባዮስ መግባት ነው፤ በዴል ብዙውን ጊዜ ኤፍ 2ን፥ በኤችፒ ኤፍ 10ን ማብሪያው እንደ ተነካ ደጋግሞ በመጫን ይገባል። በዚያ ከተዘረዘሩት መካከል የአዲሱ ዲስክ ስም ከሌለ፥ ወይ በደንብ አልተሰካም፥ ወይም ለዚያ ላፕቶፕ የተሠራ ዓይነት አይደለም። ይህ ሁለተኛው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከስርበት ስለሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል። ኤም ዶት 2 የሚባለው፥ ከማስቲካ ልጥ ብዙም የማይበልጠው ቀጭን ኤስኤስዲ፥ መልኩ አንድ ሲሆን ቋንቋው ሁለት ነው፤ አንዱ ሳታ፥ ሌላው ኤንቪኤምኢ ይባላል። ወርቅማ ጥርሶቹ የተደረደሩበትን ጫፍ ወደ ብርሃን አድርገው ቢያዩት ሳታው ብዙ ጊዜ ሁለት ስንጥቅ፥ ኤንቪኤምኢው አንድ ስንጥቅ አለው። ሳታን ብቻ በሚያውቅ መሰኪያ ኤንቪኤምኢ ማስገባት፥ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፥ ፈጽሞ እንዳይታይ ያደርገዋል። ስለዚህ ከዲላም ሆነ ከአዲስ አበባ ዲስክ የሚያስገዛ ሰው የላፕቶፑን ሞዴል ጽፎ፥ ቢቻል አሮጌውን ዲስክ ፎቶ አንሥቶ ቢልክ ትልቅ ጥቅም አለው።

ስሙ በባዮስ ታይቶ የማይነሣ ከሆነ ግን ጉድለቱ ያለው በአገለባበጡ ነው። አሮጌውን ዲስክ ክሎን ያደረገው ሰው ሲ የተባለውን ክፍል ብቻ ገልብጦ፥ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ብቻ የሆነውን፥ ከተጠቃሚው ዓይን የተሰወረውን የማስነሻ ክፍል ትቶት ይሆናል፤ ይህም ቁም ጸሐፊ ብራናውን ሁሉ በትጋት ገልብጦ፥ ንባቡ ከየት እንደሚጀመር የሚያመለክተውን የመጀመሪያውን ቅጠል እንደ መርሳት ነው። ሌላው ምክንያት የሁለት ዘመን ሥርዓቶች መጋጨት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. የተጀመረው ኤምቢአር የሚባለው የዲስክ አከፋፈል ከአሮጌው ባዮስ ጋር፥ ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ደግሞ ዩኢኤፍአይ ከተባለው ሥርዓት ጋር የሚስማማ በመሆኑ፥ ዲስኩ በአንዱ ተከፍሎ ላፕቶፑ በሌላው እንዲነሣ ቢታዘዝ ዊንዶውስ አይገኝም። ክሎን ማድረጉ ካለቀ በኋላ ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲነሣ አሮጌው ዲስክ አብሮ መሰካት የለበትም፤ ሁለቱ አንድ መታወቂያ ስለሚኖራቸው ዊንዶውስ ይደናገራል። የቀረውን የማስነሻ ክፍል በሌላ ኮምፒውተር በተዘጋጀ የዊንዶውስ ፍላሽ ተነሥቶ፥ ቢሲዲቡት በሚባለው ትእዛዝ እንደገና መጻፍ ይቻላል፤ ይህም በዲላ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የተማረ ወጣት በጥቂት ጊዜ የሚፈጽመው ሥራ ነው። ካልሆነም ክሎኑን፥ ሲ ክፍልን ብቻ ሳይሆን መላውን ዲስክ መርጦ፥ ከመነሻው መድገም ነው፤ ባትሪው ሞልቶ ይሁን፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ግማሽ የተገለበጠ ዲስክ ይቀራልና።

የዊንዶውስ ምልክት ከታየ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን የሚወጣበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ በባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር ከሬድ ወደ ኤኤችሲአይ ወይም በተቃራኒው ተለውጦ ይገኛል፤ ወደ ቀድሞው መመለስ ይበቃዋል። ዲስኩን የሚቈልፈው ቢትሎከር 48 አኀዝ ያለው ቁልፍ የጠየቀ እንደ ሆነ ደግሞ ቁልፉ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ተቀምጦ ሊገኝ ስለሚችል፥ ከዚያ ሳይፈለግ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

በአገራችን አንድ ልማድ አለ፤ ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቱም ከላይ ከተነገሩት እክሎች አንዱም ጽሕፈትን በመደምሰስ የሚድን አይደለም፥ ፎርማት የሚደረገው ዲስክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የገበሬው ኪሎ ያለበት ነው። አሮጌው ዲስክ ሳይነካ ካለ ሌላው ሁሉ ይታረማል። ወደ ላፕቶፑ ተመልሶ ከተሰካና ከተነሣ፥ የላፕቶፑ አካል ደኅና መሆኑ በዚያው ታወቀ። አዲሱ ዲስክ ከተነሣ በኋላም አሮጌውን ለሌላ ሥራ ማዋል የሚገባው፥ የሰንጠረዡ ድምር ከሚዛኑ ደብተር ጋር ተመሳክሮ፥ የዘመኑም ሒሳብ በኦዲተር ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ቀኑና የላፕቶፑ ስም ተጽፎበት ከደብተሮቹ ጋር በአንድ ሣጥን ይቈለፍበት።