ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ለሚጓዝ ነጋዴ

ዛላ በርበሬ ለመግዛት ዓባይን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚዘልቅ ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ቡሬም ከዚያ ጥቂት ዐለፍ ብላ ትገኛለች። የፍኖተ ሰላም ስም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ቢሆንም፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሳይታሰብ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መኪና ከመከራየት አስቀድሞ በሥፍራው ላለ ደንበኛ ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድም ፍሬን እንዳይግል በከባድ ማርሽ መሄድ ይገባል።

ደረቁ በርበሬ በብዛት ለገበያ የሚወጣው ከኅዳር ወዲህ ነው። ቡሬ የነቀምት መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ በመሆኗ ገዥ ከሁለት ወገን ይመጣባታል፤ ይሁንና ሽሚያው የገዥን ዐይን ሊጋርድ አይገባም። ሚዛን እንዲያነሣ በርበሬውን ውሃ የሚረጩ አይጠፉምና፤ እንዲህ ያለው ዕቃ መጋዘን ገብቶ ሲሻግት የነጋዴው ዋና ገንዘብ አብሮ ይጠፋል። የጆንያውን አፍ ብቻ ዐይቶ ከመዋዋል ከሥሩ ዘግኖ መስበር ይሻላል፤ የደረቀው ዛላ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ሲነቀንቁትም ፍሬው ይንሿሿል፤ እርጥቡ ግን ይተጣጠፋል።

ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ወባ ስለሚበረታ፣ በፍኖተ ሰላም የሚያድር እንግዳ ዐጎበር ያለው መኝታ ይጠይቅ።