ጠመንጃው በነፃ፣ ጥይቱ በገንዘብ
የመቲው ቡና ነጋዴ የአንድ ቀን ፔይንትቦል

ባለፈው ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይህ ጸሐፊ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ ጨበጠ። ቦታው ከአዲስ አበባ መሐል ወጣ ያለ የመዝናኛ ሥፍራ ሲሆን፣ ጠመንጃው የሚተፋው ቀለም ነው። ጨዋታው ፔይንትቦል ይባላል። አሥር ነበርን። አብዛኞቹ በመርካቶና በቡና ንግድ የሚተዋወቁ ነጋዴዎችና ደላሎች ሲሆኑ፣ የሁሉም ታላቅ ከመቲ ቡና ይዘው የመጡ አንድ አቅራቢ ነበሩ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም።

የመጣነው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ሰውየው መቲ ላይ እንዲህ ያለ የመጫወቻ ሜዳ የመክፈት ሐሳብ አላቸው። «ደኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ የቀረኝ ጠመንጃው ብቻ ነው። አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፤ ሒሳቡን ሥራልኝ» ብለው ነው ይህን ጸሐፊ የጋበዙት።

የጀማሪው ቀን

ከሁሉ በፊት የተሰጠን ጭምብል ነው። አሠልጣኙ ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሜዳው ውስጥ ጭምብል እንዳይወልቅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀለሙ ጥይት ሦስት ግራም ገደማ ቢመዝንም ከአፈሙዙ የሚወጣው በሴኮንድ እስከ 90 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። ገላ ላይ ሰንበር ያወጣል፤ ዓይን ላይ ቢያርፍ ግን ያጠፋል።

ጠመንጃው የሚሠራው በታመቀ አየር ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጥይቱ እንደ መድኃኒት እንክብል ከጄላቲን የተሠራ ሽፋን አለው፤ ውስጡ በውኃ የሚታጠብ ቀለም ነው። የተመታ ሰው እጁን አንሥቶ ይወጣል። ከተቃራኒው ወገን ባንዲራ ነጥቆ የመጣ ቡድን ያሸንፋል።

በመግቢያው ዋጋ ውስጥ 100 ጥይት ታስቧል። ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያዎቹን 100 ጥይቶች አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨረሰ። አብዛኛውን የተኮሰው ጎማ ላይ ነው። ጀማሪ ሲፈራ ይተኩሳል፤ ሲተኩስ ያለበትን ቦታ ያሳውቃል፤ ከዚያ ይመታል። በሁለተኛው ዙር ሌላ 100፣ በሦስተኛው ዙር ደግሞ ሌላ 100 ገዛን። ቀትር ላይ ሒሳቡ ሲታይ ለጥይት የወጣው ገንዘብ ከመግቢያው በልጦ ተገኘ።

የመቲው ሰው አጨዋወት ሌላ ነበር። በርሜል ተደግፈው ቁጭ አሉ። አንድ ወጣት ደላላ እየሮጠ ሲመጣ ጠብቀው በሁለት ጥይት አስወጡት። በሦስተኛው ዙር ትከሻቸው ላይ ቢጫ ቀለም ቢያርፍባቸውም፣ እስከ መጨረሻው ሌላ ጥይት አልገዙም። ሲወጡ በማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረውን ለሠራተኛው አሳይተው «ይህንን መልሳችሁ ግዙኝ» አሉ። የተረፈ ጥይት እንደማይመለስ ተነገራቸው። «እንግዲህ ትርፉ እዚህ ላይ ነው» አሉ ወደኛ ዞረው።

ከአክሲዮን ነጋዴ ክርክር የተወለደ ጨዋታ

የፔይንትቦል ታሪክ ለዚህ ገጽ አንባቢ ባዕድ አይደለም። መሣሪያው መጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም። በአሜሪካ የደን ሠራተኞች የሚቆረጠውን ዛፍ፣ ከብት አርቢዎችም የሚለዩትን ከብት ከርቀት ቀለም ቀብተው ምልክት የሚያደርጉበት ነበር።

ሄይስ ኖኤል የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ቻርልስ ጌይንስ ከተባለ ደራሲ ወዳጁ ጋር ይከራከራል። በገበያ ግርግር የተሳለ የከተማ ሰው ብልሃት ጫካ ውስጥ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ክርክሩን ለመፍታት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ሄኒከር በተባለች ሥፍራ 12 ሰዎች የዛፍ ምልክት ማድረጊያውን ጠመንጃ ይዘው ጫካ ገቡ። እያንዳንዱ ለራሱ የሚጫወት ሆኖ፣ በአራት ቦታ የተቀመጡትን ባንዲራዎች ሰብስቦ የወጣ ያሸንፋል ተባለ።

ያሸነፈው ሪቺ ኋይት የተባለ የደን ባለሙያ ነው። አንድም ጥይት አልተኮሰም። ጫካውን ስለሚያውቅ ማንም ሳያየው ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ወጣ።

በጨዋታው ነግዶ ያተረፈው ደግሞ ሌላ ነው። ከሁለቱ ጋር ጨዋታውን ያደራጀው ቦብ ገርንሲ በተከታዩ ዓመት ሜዳ ከፍቶ በክፍያ ማጫወት ጀመረ። ንግዱ ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ጠመንጃው ይከራያል ወይም ከመግቢያው ጋር ይታሰባል፤ ቀለሙ ይሸጣል።

ሒሳቡ

እንግዲህ ወደ መቲ እንመለስ። ጠመንጃ፣ ጭምብል፣ የአየር ጠርሙስና መሙያ መጭመቂያ ቋሚ ወጪዎች ናቸው። አንዴ ከተገዙ ዓመታት ያገለግላሉ። ባለሀብቱ ሲያስብ ዓይኑ የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው። ንግዱን የሚያኖረው ወይም የሚገድለው ግን ተለዋዋጭ ወጪው፣ ማለትም ጥይቱ ነው።

አንድ ካርቶን ብዙውን ጊዜ 2,000 ጥይት ይይዛል። አንድ ሰው በአማካይ 200 ይተኩሳል ብንል፣ የአሥር ሰው ቡድን በአንድ ቀን አንድ ካርቶን ይጨርሳል። ካርቶኑ ከውጭ በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የጥይቱ ዋጋም አብሮ ይወጣል። ካርቶኑ ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አድርጎ ቴፒ፣ ከቴፒ መቲ መድረስ አለበት።

ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። የጄላቲን ሽፋን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ያበጠ ጥይት አፈሙዝ ውስጥ ይሰነቀራል ወይም ይፈነዳል። ዝናብ በሚበዛበት በመቲ አካባቢ ወራት መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ሳይተኮስ ይበላሻል ማለት ነው። ደንበኛ በየሳምንቱ ካልመጣ ባለሀብቱ የሚነግደው በሚበላሽ ዕቃ ነው። የአዲስ አበባው ሜዳ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የልደት ድግሶች አሉት። ሥራው ቡናና ማር የሆነው የመቲ ሕዝብ በየሳምንቱ 200 ጥይት ይገዛል ብሎ መነሣት የዋህነት ይሆናል።

በሒሳብ መዝገብ የማይገባው

መቲ በጋምቤላ ክልል የመዠንግር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ጎደሬንና መንገሽን ያቀፈ ሲሆን፣ ደኑ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የመዠንግር ሰው ቀፎውን የሚሰቅለው በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ነው። ለከተማ ሰው ባዶ ጫካ የሚመስለው ቦታ ባለቤት አለው፤ ባለ ቀፎ አለው፤ ጥላው ሥር ቡና አለው።

ሌላም ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. መባቻ በዚሁ ዞን በተነሣ ግጭት ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ይህን የሚያነሣው ጸሐፊው አልነበረም። ምሳ ላይ ነጋዴው ራሳቸው ናቸው ያነሡት። ከአዳራሹ ውጭ ሌላ ቡድን ይጫወት ነበርና የተኩሱ ድምፅ ይሰማል። አጠገባችን ያሉት ይስቃሉ። ሰውየው እንጀራውን ይዘው ቆዩና፣ «እኛ ዘንድ ይህ ድምፅ ሲሰማ ልጆች ይዞ መሮጥ ነው። ማን ነው ገንዘብ ከፍሎ የሚስቅበት?» አሉ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ሐሳቡን ተዉት ማለት ነው?» አልናቸው።

«ስንት ካርቶን አልከኝ በዓመት?»

በየሳምንቱ አንድ ቡድን ቢመጣ 52 ካርቶን እንደሚሆን ነገርናቸው። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ቆጠሩ። «በዚያ ገንዘብ የቡና ማድረቂያ አልጋ እጨምርበታለሁ» አሉ።

የዚህ ጸሐፊ ስሌትም ከዚህ የራቀ አይደለም። አልጋ ላይ በሥርዓት የደረቀ ቡና የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ዶላር ያመጣል እንጂ አይወስድም። ፔይንትቦል መጥፎ ንግድ ነው አላልንም። ብዙ ደንበኛ በሚመላለስበት ትልቅ ከተማ፣ ጥይቱን በብዛት አስመጥቶ ሳይበላሽ መሸጥ ለሚችል ሰው ያዋጣል። ሜዳ ለመክፈት ያሰበ ሰው የጠመንጃውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በሳምንት ስንት ካርቶን እንደሚሸጥ ይቁጠር።

ለመጫወት ብቻ የሚሄድ አንባቢም ምክር ቢፈልግ፦ ወፍራም ልብስ ይልበስ፤ ጭምብሉን አያውልቅ፤ ከመተኮሱ በፊት ይቀመጥ። እኛ ሦስት መቶ ጥይት ተኩሰን አንድ ሰው መታን። እርሱም የራሳችን ቡድን አባል ነበር።