ቀጭን ፍላጻ እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይቃናል?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ «የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ፍላጻ ምን አግብቶት ይጽፋል?» ብለህ ከመሳቅህ በፊት የነገሩን መነሻ እናጫውትህ። ሣቅ በዚህ ጉዳይ ላይ እኛንም አንድ ጊዜ አሳፍሮናልና።

ባለፈው ክረምት ከጓደኞቻችን የአንዱ አጎት ከአሜሪካ ለዕረፍት መጥተው ነበር። እኒህ ሰው በሚኖሩበት አገር በየዓመቱ የአደን ፈቃድ እያወጡ በቀስት አጋዘን የሚያድኑ ናቸው። ያደጉት ካዛንቺስ ስለ ሆነ በመጡ በማግሥቱ የልጅነት ሰፈራቸውን ሊያዩ ወጡ፤ ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ የሚያውቁት ቤት ሁሉ አብሮ ሄዷልና ጥቂት ዞር ዞር ብለው ተመለሱ። ከዚያም ቂርቆስ ወዳለችው የኪራይ ክፍላችን መጥተው ቡና ሲጠጡ ከሻንጣቸው ሦስት ጥቋቁር ዘንጎች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ዘንጎቹ ከእርሳስ የቀጠኑ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብንላቸው፣ «ፍላጻ ነው፤ ገና ያልተሠራ» አሉን።

ከመካከላችን አንዱ ከመተከል ቆላ የመጣ ጓደኛ አለን። ሌላው ወደ እሱ ዞር ብሎ «ይህስ ያንተ ትምህርት ነው!» ቢለው ሁላችንም ሣቅን። እሱ ግን አልሣቀም። አንዱን ዘንግ አንሥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በርዝመቱ ተመለከተ፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አሽከረከረው፤ በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ለመጥ አደረገና፣ «ይህኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ያኛው ግን ጫፉ ይዋልላል» አለ። እኒያ አጎት ተደነቁ። ይህንኑ ለማወቅ እሳቸው ገንዘብ ከፍለው የገዙት መሣሪያ አላቸውና። የእኛም ሣቅ በአፋችን ላይ ደረቀ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዚያ ሣቅ ዕዳ መክፈያ ነው።

ሀ) ስለ ቀስቱ

በአነጋገራችን «ቀስት» ስንል አንዳንድ ጊዜ የሚታጠፈውን፣ አንዳንድ ጊዜም የሚወረወረውን ማለታችን ስለ ሆነ፣ እዚህ የሚታጠፈውን ደጋን፣ የሚሳበውን አውታር፣ የሚሄደውን ፍላጻ፣ የሁሉንም ድምር ቀስት እንላለን።

ባለ መዘውር ቀስት የተባለውን የዘመናችንን መሣሪያ የፈጠረው ሆለስ ዊልበር አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻውን እ.ኤ.አ. በ1966 አቀረበ፤ መብቱም በ1969 ተሰጠው። በደጋኑ ሁለት ጫፎች ላይ መሽከርከሪያቸው ከመካከላቸው የራቀ መዘውሮች አሉ። ቀስተኛው አውታሩን ሲስብ በመጀመሪያ ይከብደዋል፤ መዘውሮቹ ዞረው ሲያበቁ ግን ይቀልለዋል። ለምሳሌ 27 ኪሎ የሚስብ ቀስት በመጨረሻው 80 በመቶ የሚቀል ቢሆን፣ ሰውዬው ዒላማውን እያየ የሚይዘው 5 ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው።

አውታሩ ሲለቀቅ ግን ያ ሁሉ ጉልበት በአንድ ቅጽበት የፍላጻውን ጭራ ይገፋል። ከፊት ያለው ከባድ ሹል ገና ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ጭራው ግን ይቸኩላል። ስለዚህ በመካከል ያለው ዘንግ ከኋላው እንደ ተገፋ ሸምበቆ ይለመጣል። የፍላጻ ሥራ ጥበብ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ልምጥ ላይ ነው፤ ከመጠን በላይ ቢለመጥ ፍላጻው እየተወራጨ ይሄዳል፤ ከመጠን በላይ ቢገትርም ከቀስቱ ጋር አይስማማም።

የዘንግ ግትርነት የሚለካውም በቀላል መንገድ ነው። ዘንጉን 71 ሳንቲ ሜትር በሚራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ አጋድሞ በመካከሉ 880 ግራም ማንጠልጠል ነው። 12.7 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ «500» ይባላል፤ 8.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ «340» ይባላል። እንግዲህ ቍጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይገትራል ማለት ነው። ቀስቱ በበረታ፣ ዘንጉም በረዘመ፣ ሹሉም በከበደ መጠን ይበልጥ ግትር የሆነ ዘንግ ያስፈልጋል።

ለ) ስለ ቅጥነቱ

የተለመደው የአደን ፍላጻ ክፍት የካርቦን ቱቦ ሆኖ የውስጥ ስፋቱ 6.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኑ ግን 5.2 ወይም 4.2 ሚሊ ሜትር ነው። የቅጥነቱ ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከጎን የሚመጣ ነፋስ የሚገፋው ገላ ያንሳል፤ የውጭ ስፋቱ ከ7.5 ወደ 5.8 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ለነፋስ የሚሰጠው ጎን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሹሉ ከከፈተው ቀዳዳ ዘንጉ ከቀጠነ በመንገድ ላይ የሚፋተገው ይቀንሳልና ጠልቆ ይገባል።

ጥቅም ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ድፍን ዘንግ ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስ ግትርነቱ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ቀጭን ቱቦ የሚሠሩ ሰዎች ግድግዳውን ያወፍሩታል፤ ወይም ይበልጥ ግትር የሆነ የካርቦን ክር ይመርጣሉ፤ በዚህም ፍላጻው ይከብዳል፣ ዋጋውም ይንራል። ክብደቱ ግን ለአደን የሚጠላ አይደለም። እንዲያውም በጣም የቀለለ ፍላጻ ቀስቱን ራሱን ሊሰብር ይችላል። በተለመደው ደንብ 27 ኪሎ ለሚስብ ቀስት ፍላጻው ከነሙሉ ዕቃው ከ19 ግራም ተኩል ማነስ የለበትም።

ሐ) አሠራሩ

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ከሦስቱ ዘንጎች አንዱን በሰጌቶ ልንቆርጥ ሞከርንና ጫፉ እንደ መጥረጊያ ተበጣጠሰ። ካርቦን በሰጌቶ አይቆረጥም፤ በፍጥነት በሚሽከረከር ቀጭን የመሞረጃ ድንጋይ ነው የሚቆረጠው። የቀሩትን ሁለቱን ቂርቆስ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ይዘን ሄድን። ሽማግሌው ባለሙያ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ስስ ቱቦ ችኰላ አይወድም» አሉና እያዞሩ ቀስ ብለው ቆረጡልን። ገንዘብም አልተቀበሉን። አቧራው ለሳንባ ጎጂ ስለ ሆነ አፍንጫና አፍን መሸፈን ግድ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ፍጹም ቀጥ እስኪል ድረስ ይሞረዳል። ጫፉ ጠማማ ከሆነ ሹሉም ጠማማ ይቀመጣልና። ቀጥሎ ውስጡ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ ሹሉ የሚጠመዘዝበት ብረት በጠንካራ ባለ ሁለት ቅይጥ ማጣበቂያ ይገባል። ወፍራም ቱቦ ብረቱን በውስጡ ይይዛል፤ በቀጭኑ ቱቦ ግን ቦታ ስለሚጠብ ብረቱ ወይ ጠልቆ ይቀበራል፣ ወይ ግማሹ ውጭ ቀርቶ ጫፉን እንደ ቀለበት ያቅፋል። ቀለበቱ ቱቦው እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። ማጣበቂያው አንድ ቀን ሙሉ ይደርቅ፤ በእሳት አይሞቅ፤ ትኵሳት ካርቦኑን ይጐዳዋል።

በጭራው አውታሩን የሚነክስ ስንጥቅ ፕላስቲክ ይሰካል፤ ሦስት ክንፎችም እኩል ተራርቀው ጥቂት ዘመም ብለው ይጣበቃሉ። ያ መዝመም ፍላጻውን በበረራ ያሽከረክረዋል።

በመጨረሻ ሚዛኑ ይታያል። ፍላጻውን በጣት ላይ አስተኝቶ የሚመዛዘንበትን ነጥብ ማግኘት ነው። ርዝመቱ 72 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መካከሉ 36 ላይ ነው፤ ከጭራው 45 ላይ ከተመዛዘነ ልዩነቱ 9 ነው፤ 9 ለ72 ሲካፈል 12.5 በመቶ ይሆናል። ለአደን ከ10 እስከ 15 በመቶ ያለው የተለመደ ነው። ጭራው የከበደ ፍላጻ ፊቱን አቅንቶ አይሄድም።

መ) ማቃናቱ

ቀስቱና ፍላጻው መስማማታቸው የሚታወቀው በወረቀት ነው። ይህን መጽሔት የምናባዛበትን የመሰለ ወረቀት በፍሬም ላይ ወጥሮ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት መወርወር ነው። አንድ ክብ ቀዳዳና ሦስት የክንፍ ምልክት ከታየ ፍላጻው ቀጥ ብሎ አልፏል። ወረቀቱ ከቀዳዳው ወደ ላይ ከተቀደደ ጭራው ከፍ ብሎ ሄዷልና ፍላጻው በአውታሩ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ዝቅ ይደረግ፤ ወደ ታች ከተቀደደ ከፍ ይደረግ። ወደ ጎን ከተቀደደ ማሳረፊያውን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ አንቀሳቅሶ መሞከር ነው፤ ቀዳዳው ከጠበበ መንገዱ ይኸው ነው፤ ከሰፋ ወደ ተቃራኒው መመለስ ነው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ግን የትኛው እንደ ረዳው ሳያውቅ ይቀራል።

ቀጥሎ ክንፍ ያለውና ክንፍ የሌለው ፍላጻ ከ18 ሜትር ያህል ይወረወራሉ። ክንፍ ስሕተትን በመንገድ ላይ ያርማል፤ ክንፍ የሌለው ግን ያጋልጣል። ሁለቱ አንድ ቦታ ከመቱ ቀስቱ ቀንቷል። በመጨረሻም በመለማመጃው ሹል ፈንታ ምላጭ ያለው የአደን ሹል ተገጥሞ ይሞከራል። ምላጩ በፊት በኩል እንደ ክንፍ ነፋስ ስለሚይዝ የቀረችውን ጥቂት ጥፋት ሁሉ ይገልጣታል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊትም ዘንጉን ለመጥ አድርጎ ስንጥቅ እንደ ሌለው ማዳመጥ ያሻል፤ የተሰነጠቀ ካርቦን ሲለቀቅ እጅ ውስጥ ይሰባበራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን የተባለ እንደ ሆነ፣ ያልተቃና ፍላጻ እንስሳውን ከመግደል ይልቅ ያቈስለዋልና ነው። የቈሰለውም ጫካ ገብቶ በሥቃይ ይሞታል። በአገራችንም ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነውና፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ቀስት ይዞ ወደ ዱር ይውጣ ማለታችን አይደለም።

ሠ) የሣቁ ዕዳ

አጎትዬው ስለ ክንፍ አልባው ሙከራ ሲያስረዱን የመተከሉ ጓደኛችን ዝም ብሎ ሰምቶ፣ «የአባቴ ፍላጻ ላባ የለውም» አለን። «ላባ ስለሌለው ዘንጉን መምረጥ አለበት። ጥሩ ካልሆነ ሲወረወር ራሱ ይናገራል።» እነሆ፣ ባለ መዘውሩ ቀስተኛ በመጨረሻ የሚደርስበት ፈተና ለዚያ አባት የዘወትር ሥራ ነው።

ነገሩ ከዚህም ይርቃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በጆን ካፕልማን መሪነት የወጣ ጥናት፣ በአማራ ክልል በመተማ በኩል በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎችን ሥራ ገልጿል። በሱማትራ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን እዚያ ከተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች መካከል ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሹሎች አሉ። ተመራማሪዎቹም ከትንሽነታቸው የተነሣ የፍላጻ ጫፎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። እንዲህ ከሆነ በዓለም ላይ ከታወቁት የቀስት ምልክቶች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት መካከል ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከባሕር ማዶ ሲመጣ የምናደንቀው፣ ከቆላ ሲመጣ የምንሥቅበት ዕውቀት አንድ ዕውቀት ሆኖ ተገኘ። ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል። እሱም ያን ጫፉ የሚዋልለውን ዘንግ ለመታሰቢያ ወስዶ ከአልጋው በላይ ሰቅሎታል። ቀጥ ያለውን ለምን አልወሰድህም ብንለው፣ «እሱማ ይሠራበታል» አለን።