ቀጭ ቀጭ የሚለው ሞተርና ዝም ያለው ሞተር

አንባቢ ሆይ፤ አሮጌ መኪና ያለዎት እንደሆነ፥ ወይም የጎረቤትዎ አሮጌ መኪና በማለዳ ሲነሣ የሚሰሙ ከሆነ፥ «ቀጭ፥ ቀጭ፥ ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ሳያውቁት አይቀሩም። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ የሞተር ሞት ዋዜማ አድርጎ ይቈጥረዋል። እኔም እንደዚሁ እቈጥር ነበር። ስሕተቴ ምን እንዳስከፈለኝ ብነግርዎ ምናልባት እርስዎ ይድኑበት ይሆናል።

እኔ በቆቦ ከተማ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። አባቴም፥ ነፍሱን ይማርና፥ መምህር ነበረ፤ ሲሞት የተወልኝ ሀብት ጥቂት መጻሕፍትና አንዲት ቮልስዋገን ናት። ይህች ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻይቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥታለች። ሞተርዋ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ የሚያበርዳት ነፋስ ብቻ ነው። የራያ ቆላ ነፋስ ደግሞ፥ የማሽላው ማሳ በፀሐይ በሚቃጠልበት ወራት፥ ራሱ ማብረጃ የሚፈልግ ነው።

አሁን ስለ ቀጭ ቀጩ እንነጋገር። በሞተሩ ራስ፥ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወርሰው «ቴስታታ» በሚሉት ክፍል ውስጥ፥ እንደ እንጉዳይ ቅርጽ ያላቸው የብረት በሮች አሉ። እነዚህም ቫልቮች ናቸው። አንደኛው በር ቤንዚንና አየር ያስገባል፤ ሁለተኛው የተቃጠለውን ጢስ ያስወጣል። ካምሻፍቱ ሲዞር ዘንጉን ይገፋል፤ ዘንጉ እንደ ሚዛን የሚወዛወዘውን ክንድ ያነሣል፤ ክንዱም ቫልቩን ተጭኖ ይከፍታል። ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በአንድ ሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፥ ይዘጋልም።

በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መካከል ጥቂት ክፍተት ሊኖር ይገባል። በብዙዎቹ ቮልስዋገኖች ይህ ክፍተት እንደ ሞተሩ ዘመን 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከደብተር ቅጠል ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። የክንዱ ጫፍ ሲያልቅ ክፍተቱ ይሰፋና ብረት ብረትን እየመታ ቀጭ ቀጭ ይላል። በሌላ በኩል የቫልቩ መቀመጫ እየተበላ ሲሄድ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ክፍተቱ ይጠባል። ያን ጊዜ ምንም ድምፅ የለም።

እኔ ታዲያ በዚያ ድምፅ አፍር ነበር። ተማሪዎቼ መምጣቴን ከሩቅ ዐውቀው ይስቁብኛል። አንድ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ፥ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ፥ ክዳኑን ከፈትሁ። ካቻቢቴ ይዤ፥ ዳዶውን አላልቼ፥ መለኪያ እንኳ ሳልይዝ፥ ቀጭ ቀጩ እስኪጠፋ ድረስ ሁሉንም አጠበብሁ። ሞተሩ ዝም አለ። እኔም ኮራሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ በወልድያ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። በሮቢት በኩል በደኅና አለፍን። ከጎቢዬ ወዲያ አቀበቱን ስንጀምር ግን መኪናዋ ጉልበት አጣች፤ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ በመጨረሻም ከመንገዱ ዳር ቆመች። እናቴ በፀሐይ ተቀምጣ መኪና ጠበቀች። ያሳፈራት ሚኒባስ ወልድያ ሲደርስ ቀጠሮው አልፎ ነበር። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔን የጎዳኝ ይኸው ነው።

መኪናዋን ያዩልኝ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን አስነሥተው የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ ነቀሉ። ደኅና የሚሠራው ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። የሦስተኛውን ሲነቅሉ ምንም አልተለወጠም። ቀጥለው ሞተሩን አጥፍተው በእጅ እያዞሩ ጆሮዬን ወደ ጢስ መውጫው እንዳስጠጋ አዘዙኝ። ፉፉታ ሰማሁ።

«ልጄ፥ ማን ነው ዝም ያሰኛት?» አሉኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጢስ ማስወጫው ቫልቭ በሥራ ላይ ሲሆን እጅግ ይግላል፤ ከሙቀቱም አብዛኛውን የሚያስተላልፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። ክፍተት ከሌለው ግን አያርፍም፤ ነበልባሉም በጠርዙ እያመለጠ ይበላዋል። ሦስተኛው ሲሊንደር የቀደመው ያለ ነገር አይደለም። በቀደሙት ቮልስዋገኖች የዘይት ማብረጃው በነፋሱ መንገድ ላይ ስለ ቆመ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚግለው እርሱ ነው። ፋብሪካው ይህን ቦታ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ቴስታታው ወርዶ፥ ቫልቩ ተለውጦ፥ መቀመጫውም ታርሞ መኪናዋ እስክትመለስ የሁለት ወር ደመወዜ ሄደ። ሽማግሌው ግን ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት ሰጡኝ፤ ለእርስዎም አካፍልዎታለሁ።

አንደኛ፥ ቮልስዋገን የሚለካው ሌሊቱን አድሮ ፈጽሞ ሲበርድ ነው። በቆላ አገር ከፀሐይ መውጣት በፊት መነሣት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ የሚለካው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮቹ የተዘጉ መሆን አለባቸው። ከአንደኛው ጀምረው ሞተሩን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እያዞሩ ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውንና አራተኛውን ይለካሉ። ሦስተኛ፥ መለኪያው ምላጭ በጥቂቱ እየተያዘ ማለፍ አለበት፤ ዳዶውን ካጠበቁ በኋላም እንደገና ይለኩ፥ ሲጠብቅ ይዛወራልና። አራተኛ፥ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይህን ይድገሙ፥ ያገኙትንም በደብተር ይጻፉ። አንድ ቫልቭ በተለካ ቍጥር ጠቦ ከተገኘ ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው፤ ራሱ ተቈርጦ ፒስቶኑን ሳይሰብር ቴስታታውን ያስወርዱ። የሌላ ሞተር ልክ ግን ሌላ ነውና የየራሱን መጽሐፍ ይመልከቱ።

ዛሬ ቮልስዋገኔ ማለዳ ስትነሣ በጥቂቱ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ተማሪዎቼም እንደ ድሮው ይስቃሉ። እናቴ ግን ባለፈው ወር ወደ ወልድያ ስንወጣ ከጎቢዬ ወዲያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ቈየችና፥ «አለች፤ ትሰማለች» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።