የባሮ ዳር አሮጌ ወደብ

ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ የድሮ ወደብ ቅሪት አለ። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ፤ እዚህም የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣ ነበር። ቡናችንን ጭኖ ይመለሳል። በበጋ ውሃው ስለሚጎድል ድርሽ አይልም! ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የእንግሊዝ ይዞታ አበቃ፤ ወደቡም ቀዘቀዘ።

ታዲያ ካሜራ ያላችሁ ቅሪቱን ፎቶ አንሱት። ብረቱን ዝገት ይበላዋል፤ ድንጋዩን ሣር ይውጠዋል። ሰው አጠገቡ ይቁም፤ ትልቅነቱ የሚለየው ያን ጊዜ ነው። ፎቶው ሲታጠብ ጀርባው ላይ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ዕቃው ምን እንደነበር፣ በአኙዋክኛም ሆነ በኑዌርኛ ምን እንደሚባል ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጨምሩበት። ይህ ካልተጻፈ የልጅ ልጆቻችን የሚያዩት የዛገ ብረት ብቻ ነው። ስታነሱ ግን ወደ ውሃው አትጠጉ፤ ባሮ አዞ አለበት።