ከዲግሪው በኋላ ወዴት?

አንባቢ ሆይ፤ የታሪክ ወይም የቋንቋ ዲግሪህን ይዘህ ቤት ስትገባ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቅህ አንድ ነው፤ «ልጄ፥ እንግዲህ ምን ልትሆን ነው?» ሐኪምና መሐንዲስ መልሳቸው ከስማቸው ጋር ነው። የማስተምራቸው ልጆችም ይህንኑ ይጠይቁኛል።

«ያገኘሁትን እሠራለሁ» ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ያገኙት ወንበር ቶሎ ይለመዳል።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት አገልግሎት ማሰማራት ጀመረ፤ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። ደንቡ ቢቀርም ምክሩ አልቀረም፤ ሳትወስን ሞክር። በዓሉ ግርማ የተማረው ፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት ነበር፤ የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሠራ፤ «ከአድማስ ባሻገር»ንም በ1962 ዓ.ም. አሳተመ።

ስለዚህ ራስህን ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ማንም ሳያዘኝ የምሠራው ሥራ ምንድን ነው? ማን ይፈልገዋል? እስኪሳካልኝ ድረስ በምን እኖራለሁ?

ሦስተኛውን አትናቀው። እናትህ ጠላ ሸጣ አስተምራህ እንደ ሆነ ታናናሾችህ የሚጠብቁት ደመወዝህን እንጂ ምኞትህን አይደለም። እንግዲያስ ቢሮ ግባ፤ ማፈሪያ አይደለም። ማታ ማታ ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ሰዓት መድብ፤ በዓመቱም ምን እንደ ሠራህበት ቁጠር። ያን ጊዜ ለዘመዶችህ የምትሰጠው መልስ ይኖርሃል።